ከዩኒት ሰርክል ጀርባ ያለው ንጉሥ፦ የኡሉግ ቤግ ሕይወትና አሟሟት

እ.ኤ.አ. ጁን 1941። የሶቪየት ሳይንቲስቶች ቡድን በሳማርቃንድ ከተማ፣ ጉር-ኤ-አሚር በሚባለው የነገሥታት መካነ መቃብር ውስጥ አንድ መቃብር ከፈተ። ውስጡ የተገኘው አፅም ራሱ ከአንገቱ ተለይቷል። ሟቹ የተቀበረውም እንደ ልማዱ በከፈን ሳይሆን ልብሱን እንደለበሰ ነበር፤ በእስልምና ሰማዕት ሆኖ የሞተ ሰው እንደሚቀበረው ማለት ነው።

ይህ ሰው ኡሉግ ቤግ ነው። እስያን ከዳር እስከ ዳር ያንቀጠቀጠው የቲሙር የልጅ ልጅ። ሳማርቃንድን 40 ዓመት የገዛ። እና ብታምኑም ባታምኑም፣ ሂሳብ ክፍል ውስጥ ከሸመደድናቸው የሳይንና የኮሳይን ቁጥሮች ጀርባ ካሉት ሰዎች አንዱ።

ዛሬ የምናወጋችሁ የእሱን ታሪክ ነው። ረዘም ስለሚል ሻይም ቡናም ይዛችሁ ተቀመጡ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ይስልና ዙሪያውን በቁጥር ይሞላዋል። ዩኒት ሰርክል ይለዋል። የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ ነው። የ45 ዲግሪ፣ ስኩዌር ሩት 2 ሲካፈል ለ2። የ60 ዲግሪ፣ ስኩዌር ሩት 3 ሲካፈል ለ2። ሸምድዱት እንባላለን፣ እንሸመድደዋለን፣ ከፈተናው ማግስት እንረሳዋለን። እጁን አውጥቶ ቁጥሮቹ ከየት መጡ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ከተገኘ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ይህ ለፈተና አይመጣም የሚል ነው።

ቁጥሮቹ ግን ከሰማይ አልወረዱም። ሰማይን ለማወቅ የፈለጉ ሰዎች አንድ በአንድ ለፍተው ያገኟቸው ናቸው። ኡሉግ ቤግ ደግሞ ለዚህ ሥራ ዙፋኑን፣ ገንዘቡንና ዕድሜውን ያዋለ ሰው ነው።

በዘመቻ መሃል የተወለደው ልጅ

ኡሉግ ቤግ የተወለደው እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 1394 ነው። ቦታው ሱልጣንያ፣ ዛሬ የሰሜን ምዕራብ ኢራን ከተማ። አያቱ ቲሙር በዚያ ጊዜ ማርዲን የምትባለውን ከተማ ከቦ ነበር፤ የልጅ ልጁ መወለድ ሲነገረው ከደስታው ብዛት ለከተማው ሕዝብ ምሕረት አደረገ ይባላል። እንግዲህ ልጁ ገና ከመወለዱ የሰው ሕይወት አትርፏል ማለት ነው።

ስሙ ሙሐመድ ታራጋይ ነው። ኡሉግ ቤግ ታላቁ ልዑል እንደማለት ያለ የማዕረግ መጠሪያ ሲሆን ከልጅነቱ ተለጠፈበትና ስሙ ሆኖ ቀረ። አባቱ ሻህ ሩክ የቲሙር ልጅ ነው። እናቱ ጋውሃር ሻድም ቀላል ሴት አልነበረችም፤ ያሠራቻቸው ሕንፃዎች ዛሬም ስሟን ያስጠራሉ። ልጁን ያሳደገችው ግን የቲሙር ዋና ሚስት ሳራይ ሙልክ ኻኑም ናት። አያቱ በዘመተበት ሁሉ ድንኳኑ ይከተል ስለነበር ኡሉግ ቤግ ከፋርስ እስከ ሕንድ ጫፍ በጉዞ ላይ አደገ።

በአንዱ ጉዞ ማራጋ የሚባል ቦታ ደርሶ የአንድ ትልቅ የኮከብ መመልከቻ ፍርስራሽ አየ ይባላል። ይህ መመልከቻ እ.ኤ.አ. ከ1259 ጀምሮ በናሲር አል-ዲን ቱሲ መሪነት የተሠራ፣ በዘመኑ አቻ ያልነበረው ነው። ሌላው የቲሙር ልጅና የልጅ ልጅ ከፍርስራሽ መሃል ወርቅ ሲፈልግ፣ ይሄኛው ልጅ ልቡ እዚያ ድንጋይ ላይ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1405 ቲሙር ቻይናን ሊወጋ ሲጓዝ መንገድ ላይ ሞተ። ወዲያው የሥልጣን ሽኩቻ ተነሳ፤ ወንድም ከወንድም፣ አጎት ከወንድሙ ልጅ ተዋጋ። በመጨረሻ ያሸነፈው ሻህ ሩክ ነው። እሱ ዋና ከተማውን ዛሬ አፍጋኒስታን ወደምትገኘው ሄራት አዛወረና የአባቱን ከተማ ሳማርቃንድን እ.ኤ.አ. በ1409 ለልጁ ሰጠው።

ኡሉግ ቤግ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። እስቲ አስቡት፤ የዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሚሆንበት ዕድሜ በዓለም ከታወቁት ከተሞች አንዷን ተረከበ።

ተማሪው እንዲከራከረው የፈቀደ ገዢ

ሌላ ልዑል ቢሆን ጦር ይሰበስብ ነበር። ኡሉግ ቤግ ግን ትምህርት ቤት ሠራ። እ.ኤ.አ. ከ1417 እስከ 1420 ባለው ጊዜ የተገነባው መድረሳ ዛሬም በሳማርቃንድ ሬጂስታን አደባባይ ላይ ቆሟል፤ ቱሪስት ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል። እዚያ ከሃይማኖት ትምህርት እኩል ሂሳብና የከዋክብት ጥናት ይሰጥ ነበር።

ከዚያ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ከዛሬዋ ቱርክ ከቡርሳ የመጣውን ቃዲ ዛዳን ያዘ። የአዳኝ ጭልፊቶቹ ጠባቂ የነበረውን ሰው ልጅ፣ አሊ ቁሽጂን፣ አስተማረ። ከካሻን ከተማ ደግሞ ጃምሺድ አል-ካሺን አስመጣ። ይሄን ስም ያዙት፤ እንመለስበታለን። አል-ካሺ ያደገው በድህነት ነው። የታወቀው የመጀመሪያ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1406 የጨረቃ ግርዶሽ አይቶ መመዝገቡ ሲሆን ለዓመታት ሥራውን የሚደግፍለት ባለጸጋ ሲፈልግ ኖሯል።

አል-ካሺ ሳማርቃንድ ከገባ በኋላ ለአባቱ የጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ተርፏል። ስለ ኡሉግ ቤግ እንደ ሰው የምናውቀው ብዙ ነገር ከዚህ ደብዳቤ ነው። በደብዳቤው መሠረት በከተማው 60 ወይም 70 የሚሆኑ ሂሳብ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ንጉሡም ራሱ ክፍል ገብቶ ይከራከር ነበር። ተማሪ ከእሱ ጋር ባይስማማ አይቆጣም። እንዲያውም አንዳንዴ ሆን ብሎ ስህተት ይናገርና አንዱ በአክብሮት እሺ ካለው እሱኑ መልሶ ይወቅሰዋል። በሂሳብ ይሉኝታ የለም ነው ነገሩ።

ሌላም አለ። አንድ ቀን ፈረስ ላይ ሆኖ ሲጓዝ፣ ከዓመታት በፊት ባለፈ አንድ ቀን ፀሐይ ሰማይ ላይ የት እንደነበረች ማወቅ ፈለገ። ወረቀት የለ፣ ብዕር የለ። በጭንቅላቱ ብቻ እስከ ዲግሪ ሽርፍራፊ ድረስ አሰላውና ከፈረሱ ሲወርድ አል-ካሺን አረጋግጥልኝ አለው። አል-ካሺ ለአባቱ ይህን ሲጽፍ መገረሙ ያስታውቃል። ለንጉሥ ማሽቃበጥ ሊመስል ይችላል፤ ግን ደብዳቤው ሌሎቹን የከተማዋን ምሁራን ያለርኅራኄ የሚተች ነው፤ ስለዚህ ሙገሳው ክብደት አለው።

40 ሜትር ራዲየስ ያለው ፕሮትራክተር

እ.ኤ.አ. በ1420ዎቹ ኡሉግ ቤግ ከከተማው ወጣ ባለ ኮረብታ ላይ የኮከብ መመልከቻውን አቆመ። ባለ ሶስት ፎቅ ክብ ሕንፃ ነው። ቴሌስኮፕ ገና አልተፈጠረም፤ እሱ ሊፈጠር ወደ 200 ዓመት ገደማ ይቀራል። ታዲያ ያለ ቴሌስኮፕ ልኬትን እንዴት ታጠራለህ? መሣሪያውን በማግዘፍ።

ጂኦሜትሪ ሳጥናችሁ ውስጥ ያለችውን ፕሮትራክተር አስቡ። በእሷ ላይ 1 ዲግሪ የምትይዘው ቦታ ከ1 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። የኡሉግ ቤግ ቅስት ራዲየሱ ወደ 40 ሜትር ነበር። ስለዚህ 1 ዲግሪ ወደ 70 ሴንቲሜትር ይወስዳል። ዲግሪውን ለ60 ከፍላችሁ አንዱን ደቂቃ ስታዩት እንኳ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ነው። ቅስቱ እንዲህ ስለገዘፈ የታችኛው ክፍሉ ኮረብታውን ቆፍረው፣ ዐለቱን ፈልፍለው ነው የተሠራው። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ ብርሃኗ ቅስቱ ላይ ያርፋል፤ ያረፈበት ቦታ ይነበባል።

እዚህ ጋ ግን አንድ ችግር አለ። መሣሪያው የሚሰጠው ማዕዘን ብቻ ነው። ማዕዘን ብቻውን ግርዶሽ መቼ እንደሚመጣ፣ የሶላት ሰዓት ስንት እንደሆነ፣ መካ በየት አቅጣጫ እንዳለ አይነግርም። እነዚህን ለማስላት ማዕዘኑን ወደ ርዝመት የሚቀይር ቁጥር ያስፈልጋል። ያ ቁጥር ሳይን ነው። የሳይን ሰንጠረዡ ስህተት ካለው ያ ሁሉ ቁፋሮ፣ ያ ሁሉ ድንጋይ ከንቱ ነው።

እሺ፣ ቁጥሮቹ ከየት መጡ?

አሁን ወረቀትና እርሳስ ካላችሁ አብራችሁን ሥሩት።

አንድ ክብ ሳሉ፤ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት 1 ይሁን። ከመሃል ወደ ቀኝ አንድ መስመር አጋድሙ። ከዚያ ከመሃል ወደ ጠርዙ ሌላ መስመር በፈለጋችሁት ማዕዘን ወደ ላይ አዘንብላችሁ ሳሉ። ጠርዙን የነካበት ነጥብ ከተጋደመው መስመር በላይ ያለው ከፍታ ሳይን ይባላል። ወደ ቀኝ የሄደው ርቀት ኮሳይን ይባላል። አለቀ። ሳይን ማለት ከፍታ ነው፤ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ከነጥቡ ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር ስትጥሉ ባለ 90 ዲግሪ ሶስት ማዕዘን ታገኛላችሁ። ረጅሙ ጎኑ 1 ነው። በፓይታጎረስ መሠረት የከፍታው ስኩዌርና የወርዱ ስኩዌር ሲደመሩ 1 ይሆናሉ።

45 ዲግሪን እንይ። መስመሩ በትክክል መሃል ለመሃል ስለሚሄድ ከፍታና ወርድ እኩል ናቸው። ሁለት እኩል ነገሮች ተደምረው 1 ከሆኑ እያንዳንዳቸው ግማሽ ናቸው። ስለዚህ የከፍታው ስኩዌር ግማሽ ነው፤ ከፍታው የግማሽ ስኩዌር ሩት ነው፤ 0.7071። ስኩዌር ሩት 2 ሲካፈል ለ2 የሚባለው ይኸው ነው።

60 ዲግሪ? ሶስቱም ጎኖቹ 1 የሆኑ ሶስት ማዕዘን ሳሉ። ሶስቱም ማዕዘኖቹ 60 ይሆናሉ። ከአናቱ ወደ ታች ለሁለት ሰንጥቁት። መሠረቱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሽ ይሆናል፤ ያ ኮሳይን 60 ነው። ከፍታው ደግሞ፣ ከ1 ላይ ሩብ ሲቀነስ ሶስት ሩብ፣ የሶስት ሩብ ስኩዌር ሩት 0.8660 ነው። 30 ዲግሪ ያው ይሄው ሶስት ማዕዘን በጎኑ ሲጋደም ነው፤ ስለዚህ ከፍታና ወርድ ቦታ ይቀያየራሉ። የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ የሆነው ለዚህ ነው። ከ90 በላይ ያሉትን መሸምደድም አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ሩብ ክብ መስታወት ውስጥ ሲታይ ናቸው፤ የሚቀየረው ምልክቱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር እንጨምርላችሁ። በኡሉግ ቤግ ዘመን ራዲየሱን 1 ሳይሆን 60 ነበር የሚያደርጉት፤ ምክንያቱም የከዋክብት ሰዎች የሚቆጥሩት በ60 ነበር፤ ዛሬም ሰዓትና ደቂቃችን ከዚያው የመጣ ነው። እኛ 1 የምናደርገው ማካፈሉ እንዲቀርልን ነው። ዩኒት ሰርክል የሚባለው ስም ውስጥ ያለው ጉዳይ ይሄ ብቻ ነው።

ግድግዳው፦ 1 ዲግሪ

እስካሁን ቀላል ነው። ሰማይ ግን በ30 እና በ45 ላይ ብቻ አይቆምም። እያንዳንዱ ዲግሪ፣ እያንዳንዱ ደቂቃ ያስፈልጋል።

ጥንታውያን ክብ ውስጥ አምስት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ቅርጽ በመሳል የ72 ዲግሪን ሳይን አግኝተዋል። ከ72 ላይ 60 ስንቀንስ 12 ነው፤ የሁለት ማዕዘኖችን ልዩነት ሳይን ማግኛ ቀመር አለ። ማዕዘንን ለሁለት መክፈያ ቀመርም አለ። ስለዚህ ከ12 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 3 እንወርዳለን። የ3 ዲግሪ ሳይን 0.05233596 ነው፤ በስኩዌር ሩት ብቻ የተገኘ፣ በፈለጋችሁት ያህል ሊጠራ የሚችል ቁጥር።

ከ3 በኋላ ግን መንገዱ ይዘጋል። ለሁለት ስትከፍሉት 1.5 ይሆናል፤ ደግማችሁ ስትከፍሉት 0.75። 1 ዲግሪን ዘላችሁት አለፋችሁ። 3ን ለ3 መክፈል ያስፈልጋል፤ ማዕዘንን ለሶስት መክፈል ደግሞ በማስመሪያና በኮምፓስ፣ በስኩዌር ሩትም የማይሆን ነገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ቶለሚ ይሄው ግድግዳ ገጥሞት፣ ቁጥሩን በላይና በታች በሁለት ተቀራራቢ ቁጥሮች መሃል አጣብቆ ግምት ወስዶ አልፏል። ለዘመኑ በቂ ነበር። 40 ሜትር ቅስት ለሠራ ሰው ግን አይበቃም።

እዚህ ጋ ነው አል-ካሺ የሚገባው። የእሱ ሐሳብ እንዲህ ነው። የአንድ ማዕዘን ሳይን ከታወቀ የሶስት እጥፉ ሳይን ይታወቃል፤ ሳይኑን በ3 አባዝተህ፣ ከዚያ ላይ የሳይኑን ኪዩብ በ4 አባዝተህ መቀነስ ነው። እኛ የሶስት እጥፉን እናውቃለን፤ 3 ዲግሪ ነው። የምንፈልገው የ1 ዲግሪውን ነው። ቀጥታ መፍታት ከባድ ከሆነ እየገመትንና እያረምን እንጠጋዋለን።

ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱ። 0.05233596ን ለ3 አካፍሉ። 0.01744532 ይመጣል። ይሄ የመጀመሪያው ግምት ነው፤ ትንሽ ይጎድለዋል። አሁን ይህን ቁጥር ሶስት ጊዜ በራሱ አባዙና በ4 አባዙት። ወደ 0.00002124 ይመጣል። እሱን በ0.05233596 ላይ ደምሩና እንደገና ለ3 አካፍሉ። 0.0174524 ታገኛላችሁ። ካልኩሌተራችሁ ዲግሪ ላይ መሆኑን አረጋግጡና ሳይን 1 ብላችሁ ጠይቁት። ተገናኛችሁ አይደል? በሁለት መስመር ስሌት እስከ ሰባተኛው አሃዝ።

አዲሱን ቁጥር ይዛችሁ ይህንኑ ስትደግሙት ሌሎች አሃዞች እየጠሩ ይሄዳሉ። አል-ካሺ ይህን ሲሠራ ካልኩሌተር የለው፣ በወረቀትና በብዕር፣ ያውም በ60 ቤት ቁጥር ነው። ያገኘው ዋጋ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ እስከ 16ኛው አሃዝ ትክክል ነው። ይሄው ሰው እ.ኤ.አ. በ1424 ከ805 ሚሊዮን በላይ ጎን ባለው ቅርጽ ክብን ጠግቶ ፓይንም እስከ 16ኛው አሃዝ አስልቷል። ዓለም ያን ጥራት ለረጅም ጊዜ አላለፈውም።

አል-ካሺ እ.ኤ.አ. በ1429 ሳማርቃንድ ውስጥ ሞተ። ከእሱ በኋላ መመልከቻውን ቃዲ ዛዳ መራው፤ እሱም ሲሞት ወጣቱ አሊ ቁሽጂ ተረከበ። ኡሉግ ቤግም ከላይ ሆኖ የሚያዝ ብቻ አልነበረም፤ በዚሁ በ1 ዲግሪ ሳይን ጉዳይ የራሱን ድርሳን ጽፏል።

እ.ኤ.አ. በ1437 ዚጅ-ኢ ሱልጣኒ የሚባለው ታላቁ ሰንጠረዥ ተጠናቀቀ። ወደ 1,000 ገደማ የሚሆኑ ኮከቦች ቦታ ተመዝግቦበታል። የሳይንና የታንጀንት ቁጥሮቹ ቢያንስ እስከ 8 አሃዝ ትክክል ናቸው። ኡሉግ ቤግ የዓመቱን ርዝመት በከዋክብት ለክቶ 365 ቀን ከ6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ አለው። የዛሬው ሳይንስ ሲለካው የእሱ ስህተት 58 ሰከንድ ገደማ ነው። በዓመት ውስጥ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ልጁ

ሰማዩን እንዲህ ያነበበ ሰው የገዛ ቤቱን ማንበብ አቃተው።

በጦርነት ዕድል የለውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1427 በባራቅ የሚመራ ብርቱ የኡዝቤክ ጦር ክፉኛ መታው፤ አባቱ ሻህ ሩክ ከሥልጣን ሊያነሳው እስኪደርስ ተቆጥቶበት ነበር። አባትየው በሕይወት እስካለ ድረስ ግን ከለላ ነበረው።

እ.ኤ.አ. በ1447 ሻህ ሩክ ሞተ። የድሮው ሽኩቻ እንደገና ተነሳ። በቀጣዩ ዓመት ኡሉግ ቤግ የወንድሙን ልጅ ታርናብ ላይ ድል አድርጎ ሄራትን ያዘ። በዚያ ውጊያ ከዋነኞቹ አዋጊዎች አንዱ የበኩር ልጁ አብዱል ለጢፍ ነበር። አባትየው ግን ድሉን ያወጀው በታናሹ በሚወደው ልጅ በአብዱል ዓዚዝ ስም ነው። ለታላቁ የሚገባውንም ንብረት ከለከለው ይባላል። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም።

ኡሉግ ቤግ በኮከብ ቆጠራ ልጁ እንደሚገድለው አውቆ ነበር፣ የራቀውም ለዚህ ነው የሚል ወሬ አለ። እውነት ይሁንም አይሁን፣ ኮከብ ሳያስፈልግ የሚታይ ነገር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1449 አብዱል ለጢፍ ሸፈተ። አባትና ልጅ ሳማርቃንድ አጠገብ ተዋጉ፤ አባት ተሸነፈ። ሸሽቶ ወደ ከተማው ሲመለስ ራሱ የሾመው ሰው በሩን ዘጋበት። 40 ዓመት በገዛት፣ መድረሳና መመልከቻ በሠራላት ከተማ የሚገባበት በር አጣ። ሌላ መሸሸጊያ ሲያጣ ለልጁ እጁን ሰጠና አንድ ነገር ብቻ ለመነ፦ ሥልጣኑን ትቶ ወደ መካ ለሐጅ እንዲሄድ። ተፈቀደለት።

ጉዞ ጀመረ። ብዙም አልራቀም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1449 በአንዲት መንደር አስቆሙት። በኡሉግ ቤግ ትእዛዝ አባቱ ተገድሎበታል የሚባል አንድ ሰው ደሙን እንዲመልስ ተፈቅዶለት ነበር። እዚያው አንገቱን ቀላው። 55 ዓመቱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ታናሹ ልጅ አብዱል ዓዚዝም ተገደለ።

አብዱል ለጢፍ ዙፋኑ ላይ የቆየው ስድስት ወር ገደማ ብቻ ነው። በሴራ ተገደለ፤ የተቆረጠ ራሱንም በኡሉግ ቤግ መድረሳ በር ላይ ሰቅለው ለሕዝብ አሳዩት ይባላል።

የተረፈው

መመልከቻው ጠባቂ አጣ። ፈረሰ፣ ጡቡ ተወሰደ፣ ቦታውም ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1908 ቪያትኪን የሚባል ሩሲያዊ አርኪዮሎጂስት የድሮ ሰነድ ተከትሎ ኮረብታውን ሲቆፍር ዐለት ውስጥ የተፈለፈለውን የቅስቱን የታች ክፍል አገኘው። ከመሬት በላይ የነበረው ሁሉ ጠፍቷል፤ ከመሬት በታች የነበረው ተረፈ። ዛሬ ኡዝቤኪስታን ብትሄዱ ወርዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

ሰንጠረዡ ግን ቀድሞ ወጥቷል። የጭልፊት ጠባቂው ልጅ አሊ ቁሽጂ ከሳማርቃንድ ወጥቶ በታብሪዝ በኩል ቁስጥንጥንያ ገባ። ሱልጣን መሕመድ 2ኛ በክብር ተቀብሎት በአያሶፊያ መድረሳ አስተማሪ አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ1474 እዚያው ሞተ። የሳማርቃንድ ሰንጠረዥ ከሕንድ እስከ ኦቶማን ግዛት ለመቶዎች ዓመታት ተገለበጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1665 የኮከብ ዝርዝሩ በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ታተመ። ጨረቃ ላይ ደግሞ በስሙ የተሰየመ ጉድጓድ አለ።

ስልካችሁ ዛሬ ሳይን 1ን የሚያሰላው የኡሉግ ቤግን ሰንጠረዥ አገላብጦ አይደለም፤ ሌላ ቀመር አለው። የሚያወጣው ቁጥር ግን ያው ነው። ሳማርቃንድ ውስጥ በብዕር የተገኘው 0.0174524064 ስልካችሁ ላይም አይቀየርም። ዙፋኑን የነጠቀው ልጁ ስድስት ወር ቆየ፤ ቁጥሩ 600 ዓመት ሊሞላው ነው።

እኛ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አንድ ነገር ቆጨን። ያንን ክብ የሸመደድን ጊዜ አንድ ሰው እርሳስ ይዞ ሶስት ማዕዘኑን ለሁለት ቢሰነጥቅልን ኖሮ የ10 ደቂቃ ነገር ነበር። ስለዚህ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ፣ ነገ ፈተና አለብኝ ብለው ሰንጠረዡን ሲሸመድዱ ካገኛችኋቸው፣ ደብተሩን ተቀበሏቸውና ክቡን ሳሉላቸው። ከፍታው ሳይን ነው፣ ወርዱ ኮሳይን ነው በሏቸው። የቀረውን ራሳቸው ያገኙታል።

የ1 ዲግሪውን ስሌት ስልካችሁ ላይ የሞከራችሁ ስንተኛው አሃዝ ድረስ እንደደረሳችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።